የሲካዳ ነጠላ

ሥራዬን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ የሰቀልኩት ሸማው ስስ ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ተናግሬአለሁ። የሰማኝ ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ቤንዚን በጣም የተወደደበት ሰመር ነበር። የምኖረው አሜሪካ፣ ኧርቪንግ በምትባል ከተማ፣ ከልጄ ጋር ነው። አፓርትመንታችን ከኤርፖርቱ ስለማይርቅ አውሮፕላኖቹ ሆዳቸውን እያሳዩን በላያችን ያልፋሉ። በዚያ ሰመር ግን ከአውሮፕላን ይልቅ የሚጮኸው ሲካዳ ነበር። ሲካዳ አውራ ጣት የሚያህል፣ ዓይኑ ወጣ ወጣ ያለ፣ ክንፉ ማዶውን የሚያሳይ በራሪ ነፍሳት ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች የዛፍ ሥር እየመጠጠ ይኖራል። ከዚያ ይወጣና ግንድ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጀርባው ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ክንፍ ያለው ወጥቶ ይበራል። ቅርፊቱ በጥፍሮቹ ግንዱን እንደ ጨበጠ ባዶውን ይቀራል። ፓርኪንጉን የከበቡት የኦክ ዛፎች በዚህ ቅርፊት ተሞልተው ነበር።

ሰው ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል። እኔ መልቀም ጀመርኩ። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ባዶ የእንቁላል ካርቶን ይዤ እወርዳለሁ። ቅርፊቱን ከግንዱ ማላቀቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሳቡት እግሩ እዚያው ይቀራል፤ ከኋላው ወደ ፊት ገፋ ካደረጉት ግን ራሱ ይለቃል።

ልጄ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ፍሮንት ዴስክ ትሠራለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ፍሪጁ ላይ የደረደርኳቸውን ካርቶኖች አየች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ እንቁላል ምን ሊሠራ ነው?»

መልሴን ሳትጠብቅ ከፈተችው። ጩኸቷ ታችኛው ፎቅ ድረስ ተሰምቷል።

«ኦ ማይ ጋድ! በረሮ!»

«በረሮ አይደለም። ልብሱ ነው። ባለቤቱ አውልቆት ሄዷል።»

«ሶ፣ አንቺ ልታጥቢለት ነው?»

«ልሠራበት ነው።»

«እማዬ፣ ሲሪየስሊ! ማኔጅመንቱ ካየ መድኃኒት ለሚረጩት ሰዎች ኮል ያደርጋል። ደግሞ ሰው አያይሽም? እናቷ በየዛፉ ሥር ትል ትለቅማለች ይሉኛል።»

«ይበሉ» አልኳት።

ካርቶኖቹን አልጋዬ ሥር አስገባኋቸው። ፍሪጁ የእሷ ነው፤ አልጋው የእኔ ነው።

ልሠራበት ነው ያልኩት ለወሬ አልነበረም። በአጎራባቿ ከተማ በአርሊንግተን ያለ አንድ ኮሌጅ ለአዛውንት ቅዳሜ ቅዳሜ የሥዕል ትምህርት ይሰጣል። ሚክስድ ሚዲያ ይሉታል፤ ቀለምም፣ ጨርቅም፣ ወረቀትም፣ ከዛፍ የወደቀም ነገር አንድ ሥራ ውስጥ የሚገባበት ነው። ማስታወቂያውን ላይብረሪ ውስጥ አይቼ ራሴ ነኝ የተመዘገብኩት። ወደዚያ ባቡር የለም፤ እኔም መኪና አልነዳም። የምታደርሰኝ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችን ነበረች። ከእኛ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፤ ቅዳሜ ደግሞ አርሊንግተን ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። አፏ አያርፍም፤ ሆዷ ግን ባዶ ነው፤ ክፉ ነገር አያድርበትም።

«እማማ፣ ዛሬስ በሕይወት ያለ ነገር ይዘዋል?» ትለኛለች ካርቶኔን እያየች። «ካለ ከኋላ ይቀመጥና ቤልቱን ይሰር። እኔ ለትል ብዬ የፖሊስ ቲኬት አልቀበልም።»

«ሕይወት ያለው የለም። ቅርፊት ብቻ ነው።»

«እሱማ እኔም ቅርፊት ነኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አድሬ ነው የመጣሁት።»

መምህሯ ቀደም ሲል ባዮሎጂ ያስተማረች አሜሪካዊት ናት። ሥዕል የጀመረችው ኋላ ነው። «መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ሥሩ» ትላለች። አንድ ቅዳሜ ከሳይንስ ክፍሉ ማይክሮስኮፕ ተውሳ አመጣችና የሽንኩርት ልጣጭ አደረገችበት።

እኔ የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው። መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። የባዮሎጂ መምህራችን የሽንኩርት ልጣጭ ሴሎችን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይስልልናል፤ እኛ እንገለብጣለን፤ ፈተና ላይ ደግሞ እንደገና እንስላለን። ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ሽንኩርቱን ግን አላየሁትም። ቁልፉ ዳይሬክተሩ ዘንድ ነው ይባል ነበር፤ ለማን እንደ ተቀመጠ የጠየቀ አልነበረም።

አርሊንግተን ውስጥ ዓይኔን ወደ ማይክሮስኮፑ ሳስጠጋ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። መምህሯ አስተካከለችልኝ። ሴሎቹ እንደ ግንብ ጡብ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው መጡ፤ በየመካከላቸው ትንሽ ነጥብ አለች። ያ መምህር በትክክል ነው የሳለው። ይህን አሰብኩና ቀጥሎ ንዴት መጣብኝ። በጠመኔ የተሣለ ሽንኩርት ይዘን ያደግነው፣ እውነተኛው፣ ክንዳችን ሊደርስበት በሚችል ቦታ ተቆልፎበት ነው። ከኋላዬ ወረፋ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አልተነሣሁም። ልጣጩን አይቼ ስጨርስ የሲካዳ ክንፍ አድርጊልኝ አልኳት፤ አደረገችልኝ።

ክንፉ እንዳለ አንድ ወጥ ነገር መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጅማቶች ያቋርጡታል፤ በጅማቶቹ መካከል ትንሽም ትልቅም ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል ቅርፁ የተለየ ነው። የምሠራውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ያልለበስኩት አዲስ ነጠላ ነበረኝ። አውጥቼ መካከሉ ላይ በመቀስ ለሁለት ቆረጥኩት። ልጄ ይህን ስታይ መጮኹንም ተወችው፤ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። በግማሹ ላይ የሲካዳውን ክንፍ ሁለት ክንድ አድርጌ አሳድጌ በእርሳስ ነደፍኩ። ጅማቶቹን በቡናማ ክር ጠለፍኳቸው። ጥልፍ በልጅነት የተማርኩት ነው፤ የባልትና መምህርታችን ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን ነበር የምታየው፤ ቋጠሮ ከታየባት ትፈታዋለች። ስለዚህ ጀርባውም እንደ ፊቱ ነው። ክፍሎቹን በልዩ ልዩ ነገር ሞላኋቸው። በአንዱ የሽንኩርት ሴሎች በነጭ ክር፣ በአንዱ ሥጋው በሶዳ ተቀቅሎ ጅማቱ ብቻ የቀረ የኦክ ቅጠል፣ በሌላው የግሮሰሪ ከረጢት ወረቀት ተቀድዶ። የፒካን ለውዝ ሽፋን እየበሳሁ በክር ያዝኩ። ከታች ወደ ላይ ደግሞ ቅርፊቶቹ ወደ ክንፉ ሲወጡ ይታያሉ። እንዳይፈረፈሩ ነጭ ሙጫ በውኃ አቅጥኜ ቀብቻቸዋለሁ።

መስቀያውን የሞከርኩት ቅርፊቶቹን ከማያያዜ በፊት ነው። በስሱ በኩል አድርጌ ዱላ ሳስገባበት ሸማው ተሳበ፤ ክሩ ከክሩ መራቅ ጀመረ። ያ ሁሉ የፒካን ሽፋን ክብደት አለው። ጥለቱ ግን በወፍራም ክር ጠብቆ የተሸመነ ነው። ዱላውን በጥለቱ በኩል አስገባሁት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በእኛ ዘንድ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ የለበሰ ሰው ሐዘን ላይ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ስሰቅለው አልታየኝም አልልም፤ ታይቶኛል። ነገር ግን ትከሻ ላይ አይደለም ያለው፤ ዱላ ላይ ነው። ዱላ ዘመድ የለውም ብዬ ተውኩት።

ከሥራዎቻችን አንዳንድ ተመርጦ በኮሌጁ አዳራሽ ለአንድ ወር እንደሚሰቀል ተነገረን። የእኔ ክንፍ ተመረጠ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ሠራሁት፣ የሆነውን ሆኖ እንዲሰቀል።

የመጀመሪያዋ ያስቸገረችኝ መምህሯ ናት። በየሥራው ሥር የምትለጥፈውን ካርድ ይዛ መጣች። እንግሊዝኛዬ ለማንበብ ይበቃል። በእኔ ካርድ ላይ «የኢትዮጵያዊት እናት ናፍቆት፤ ለጠፋ አገር» የሚል ጽፋበታለች።

«ይህ የማን ነው?» አልኳት።

«የአንቺ ነው። ጨርቁ ከአገርሽ የመጣ ስለሆነ…»

ከሥራዬ ጎን የተሰቀለውን አሳየኋት። የፎርት ወርዝ ሰው ነው የሠራው፤ ከአሸዋና ከሽቦ የተሠራ ዓሣ ነው።

«የእሱ ካርድ ምን ይላል?»

«ካትፊሽ።»

«የእኔም ሲካዳ ይበል። የተለቀመው ኧርቪንግ ነው፤ የተወለደው ኧርቪንግ ነው። ጨርቁ ጨርቅ ነው። የእሱ ሽቦ ከየት እንደ መጣ ጠይቀሽዋል?»

ዓሣው የእሱ የሆነ ሰውዬ ሰምቶ ሳቀ። «ሽቦው ከጋራዤ ነው» አለ። መምህሯም ሳቀችና ካርዱን ቀደደችው። «ሲካዳ። ጥልፍ፣ ቅርፊት፣ ቅጠልና ወረቀት በጥጥ ላይ» ብላ ሌላ ጻፈች። እሷን አልወቅሳትም፤ ሲነግሯት ትሰማለች።

በእነዚያ ሳምንታት አዲስ አበባ ወዳለው ታናሽ ወንድሜ ለመደወል እየሞከርኩ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንነጋገራለን፤ የስልክ ካርዱን ፍቃ የምትደውልልኝ ልጄ ናት። ሁለት እሑድ ተከታትሎ «ኔትወርክ የለም» አለችኝ። ኔትወርክ መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ አመንኳት።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ሙቀቱ ጋብ ባለበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላ አጣፍቼ ሄድኩ። ልጄ ከሥራ ወጥታ ልትመጣ ነው። ሰው መግባት ጀመረ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፤ ልጅቷ ቅርፊቶቹን ስታይ «ይነክሳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባዶ ናቸው አልኳት።

ጎረቤቴ ምሳ ሰዓቷን ጠብቃ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች መጣች። ሥራዬን ተጠቅልሎ እንጂ ተሰቅሎ አይታው አታውቅም። ከበሩ ላይ ስታየኝ እየሳቀች ነበር። ቀጥሎ ግድግዳውን አየች። ሳቋ ጠፋ። ቀስ ብላ መጣችና ሁለት እጄን ያዘች።

«ውይ እማማ! ውይ እናቴን! ማን ነገረዎት?»

«ምኑን?»

«እኛ እኮ ነገ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በፊት፣ ከአባ ጋር ልንመጣ…»

ዓይኔን አይታ ማንም እንዳልነገረኝ ገባት። እጇን ከእጄ አውጥታ አፏ ላይ አደረገችው። የተነገረው ግን ተነግሯል። ቄስ ይዞ በማለዳ የሰው ቤት የሚያንኳኳ ሰው መርዶ እንጂ ሌላ አያመጣም።

«ወንድሜ ነው?» አልኳት።

አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ወንበር ነበር፤ ተቀመጥኩበት። ስለ ወንድሜ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ያ የእኔና የእሱ ነው።

«መቼ?»

«ሁለት ሳምንቱ ነው። ልጅዎ ናት እኮ፤ ይሄ ኤግዚቢሽን ይለፍላት፣ ደስ ብሏት ትዋል፣ ከዚያ እንነግራታለን ብላ ለመነችን። እኔ ደግሞ ነጠላውን ሳይ… እማማ፣ ጥለቱን ሳይ የሰሙ መሰለኝ። ምላሴ ይቆረጥ!»

«ምላስሽን ተይው። ባትመጪ እስከ ነገ ሞኝ ሆኜ እውል ነበር።»

ልጄ በዚሁ መካከል ደረሰች። የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደ ለበሰች ነው። የጎረቤታችንን ፊት አየች፣ የእኔን አየች፣ ግድግዳውን አየች።

«ነገርሻት?» አለቻት።

«ተዘቅዝቆ አየሁታ! ማን አያምንም?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…» አለችኝ ልጄ፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ። «ይሄን ነገር ስንት ወር ስትሠሪ ነበር። አልቻልኩም። አንድ ቀን እንኳን ልስጣት ብዬ ነው።»

ይህን ሰምቼዋለሁ። ከልቧ እንደ ሆነም አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለት እሑድ ሙሉ ፊቴን እያየች ኔትወርክ የለም ብላኛለች።

«የሞተው የእኔ ወንድም ነው» አልኳት። «መቼ እንደምሰማው የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም።»

«ኦኬ። ኦኬ፣ እማዬ። ተነሺ፣ ቤት እንሂድ። ለእነ አባ ኮል አደርጋለሁ፣ ዛሬውኑ ይመጣሉ። ነጠላውንም ላውርደው።»

«አታወርጂውም።»

መምህሯ የሆነውን ከልጄ በእንግሊዝኛ ሰማች። መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ። ካርዱን ለወጥ አድርጌ ለወንድምሽ መታሰቢያ ብዬ ልጻፍበት? አለችኝ። በርኅራኄ ነው። ጎረቤቴም ይህን ስትሰማ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«እውነቷን ነው እኮ! እማማ፣ ልብዎ አውቆት ነው ያዘቀዘቁት። የሥጋ ነገር አይዋሽም። ሳይነገርዎት እጅዎ አዘነ!»

ሦስቱም ነጠላውን ያዩት ጀመር። በዓይኔ ፊት ሲካዳው እየጠፋ ነበር። ጥቂት ብቆይ ከዚያ ሁሉ ቅርፊት፣ ከዚያ ሁሉ የክንፍ ክፍል የሚቀረው አንድ የለቅሶ ጨርቅ ነው፤ እኔም ሳታውቅ ያወቀች አሮጊት ተብዬ በየቤቱ ሊወራብኝ ነው። ተነሣሁ።

«ልቤ ምንም አላወቀም» አልኩ። «እጄም አላዘነም። ስሠራው ወንድሜን አላሰብኩትም፤ ሲካዳውን ነው ያሰብኩት። የተዘቀዘቀው ሸማው እንዳይተረተር ነው። ካርዱ እንዳለ ይቀመጥ።»

«ታዲያ ለእሱ ማን ሊያዝንለት ነው?» አለች ጎረቤቴ፣ ተቆጥታ።

የለበስኩትን ነጠላ ከትከሻዬ አወረድኩ። አገላበጥኩትና ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ መልሼ ለበስኩት።

«እኔ» አልኳት። «ለወንድሜ የማዝነው በትከሻዬ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሲካዳ ነው።»

ልጄ አለቀሰች። ቤት እንሂድ ያለችውን ግን አልደገመችም። ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠች። አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ ሰው እየመጣ አየ፤ ለጠየቀኝ መለስኩ። አንድ ሰው ይህ ለምን ያህል ይሸጣል አለ። አይሸጥም አልኩት።

በማግስቱ ማለዳ አባና የሰበካው ሰዎች መጡ። መኪናቸው ሲቆም በመስኮት አይቻቸዋለሁ። ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ነበር። ከፊት ያሉት ሽማግሌ መንገድ ላይ ያዘጋጁት ቃል ነበራቸው፤ «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይሞት…» ብለው ጀመሩ።

«ሰምቻለሁ አባቴ፤ ይግቡ» አልኳቸው።

በዓይናቸው ልጄን ፈለጉ። እሷ አንገቷን ደፋች። ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው የማንም ለቅሶ እንደሚሆነው ሆነ።

ነገር የመጣው በሳምንቱ ነው። ሊያጽናኑ የመጡት ሴቶች ሥራው አሁንም አርሊንግተን እንደ ተሰቀለ ሰምተዋል። ሐዘንተኛ ሴት ኤግዚቢሽን አላት እንዴ ተባለ። ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ይውረድ አለችኝ አንዷ። ሌላዋ ቢያንስ ይገልበጥና ጥለቱ ወደ ታች ይሁን አለች፤ ሰው ተሳስቶ እንዳይደነግጥ። ሁለቱንም አዳመጥኳቸው። ከገለበጡት ይተረተራል አልኳቸው። ልጄ ማዕድ ቤት ሆና ትሰማ ነበር። ብቅ አለችና፣ «ተዉአት፤ ያለችው ነው» አለቻቸው። ይህን ከእሷ አልጠበቅሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ወደ ሥራ ልትወጣ ፓርኪንጉ ላይ ወረደች። እኔ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ አገኘችኝ፤ ጥቁር ልብስ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ብብቴ ሥር ካርቶን። ቁልፏን እንደ ያዘች ቆመች።

«እማማ፣ ወዴት?»

«ትምህርት አለኝ።»

«አርባው ሳይወጣ? እንደዚህ ሆነው? ሰው እኔን ምን ይለኛል? ሐዘንተኛ ጭና ታዞራለች አይሉኝም?»

«ይሉሻል። እኔንም ይሉኛል።»

ዙሪያዋን አየች። በረንዳው ላይ ማንም የለም። ካርቶኑን አየች፣ ነጠላዬን አየች።

«ቀለም ሊነካኩ ነው ወይስ ሊያዝኑ?»

«ሁለቱንም። መኪናውን ክፈቺው።»

ከፈተችው።